ዌብሳይትሽ ጉግል ላይ ለምን እንደማይወጣ ሳታውቂ ወርሃዊ ክፍያ እንዳትጀምሪ

ባሕር ዳር ሐይቁ አካባቢ ዘጠኝ ክፍል ገስት ሀውስ ያላት አንዲት እህታችን የፃፈችልኝ ባጭሩ እንዲ ይላል፦ "አምና 45,000 ብር ከፍዬ ዌብሳይት አሰራሁ፣ ሲያዩት ቆንጆ ነው፣ ግን የቤቴን ስም እንኳን ጉግል ላይ ስፅፈው አይመጣም። የሰራልኝ ልጅ እኔ ዲዛይን ነው የሰራሁት ኤስኢኦ (ጉግል ላይ እንዲገኝ ማድረግ) ሌላ ስራ ነው ይለኛል። አሁን ደሞ አንድ ድርጅት በወር 12,000 ብር ክፈይንና በሶስት ወር አንደኛ እናወጣሻለን አለኝ። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?"

እታለም ለጊዜው ይቅርብሽ። ለዘላለም አላልኩም፣ ለጊዜው። አንድ ትልቅ ነገር ተናግረሻል፣ ልጁም ድርጅቱም የሰሙት ግን አይመስለኝም፣ "ስሙን እንኳን ስፅፈው አይመጣም" ብለሻል። አንድ ሳይት "ባሕር ዳር ሆቴል" ተብሎ ሲፈለግ አስረኛ ገፅ ላይ ቢገኝ ያው የፉክክር ጉዳይ ነው፣ በራሱ ስም ተጠርቶ አቤት ካላለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉግል ጭራሽ አልመዘገበውም ማለት ነው። ሁለቱ ሌላ ሌላ በሽታ ናቸው፣ መድሃኒታቸውም ዋጋቸውም አይገናኝም።

ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ጉግል ላይ ሳይት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ፃፊ፣ ሁለት ነጥብ (:) አድርጊ፣ ከዛ ክፍተት ሳትተዪ ዶሜይንሽን፣ ማለትም የሳይትሽን አድራሻ፣ ለጥፊበት። ገፆችሽ ከተዘረዘሩ ተመዝግበሻል፣ ባዶ ከሆነ የለሽም። ሊንኩን ስለላክሽልኝ እኔ ሞከርኩት፣ ባዶ ነው። ከዛ የገፁን ኮድ ከፍቼ ሳይ እዛው አናቱ ላይ አትመዝግቡኝ የሚል ትእዛዝ ቁጭ ብሏል። ነገርየው እንዲ ነው፣ ሳይትሽ የተሰራበት ዎርድፕረስ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ሴቲንግ ገብተሽ ሪዲንግ የሚለውን ስትከፍቺ ከታች በኩል አንዲት ሚጢጢ ሳጥን አለች፣ እሷ ቲክ ከተደረገች እንደ ጉግል ያሉ ሰርች ኢንጂኖች ሳይቱን እንዳይመዘግቡት ትነግራቸዋለች። እኛ ሳይት ስንሰራ ግማሽ የተሰራ ነገር ጉግል ላይ እንዳይወጣ ብለን ቲክ እናደርጋታለን፣ ሲያልቅ ማንሳት ነው፣ ልጁ ረስቷት ነው እንጂ ተንኮል አይመስለኝም፣ እኔም ረስቼ አውቃለሁ። እና አንቺ አመት ሙሉ ሱቅ ከፍተሽ መዝጊያውን ሳታነሺ ነው የተቀመጥሽው። ቲኳን ማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ከዛ ሰርች ኮንሶል የሚባለው ነፃ የጉግል መሳሪያ ላይ ሳይቱን አስገብቶ ሳይትማፑን፣ ማለትም የገፆቹን ዝርዝር፣ መስጠት ነው፣ ቀናትም ሳምንታትም ሊወስድ ስለሚችል በየሰአቱ እየፈለግሽ አትናደጂ። ለዚች ብሎ በወር 12,000 አይከፈልም።

ከገባሁ አይቀር ሌላም አየሁ። የመጀመሪያው ገፅ ርእስ "ሆም" ነው የሚለው፣ በቃ ሆም። ሰው ጉግል ላይ ሲፈልግ ጎላ ብሎ የሚወጣለት ብዙውን ጊዜ ያ ርእስ ስለሆነ የቤትሽ ስምና ባሕር ዳር የሚለው እዛ ላይ መኖር አለበት። ስለ ክፍሎቹ የሚያወራው ፅሁፍ ደሞ ፅሁፍ አይደለም፣ ፎቶ ነው። ኮምፒውተር ላይ ገፁን ክፈቺና በማውስ ፅሁፉን ለመምረጥ ሞክሪ፣ ቃላቱ አንድ በአንድ ቀለም ከለበሱ ፅሁፍ ነው፣ እንዳለ ባነሩ አብሮ ከተጎተተ ግን ስእል ነው፣ ያንን ጉግል እንደ ገፅ ፅሁፍ አይቆጥርልሽም። የአልጋዎቹ ፎቶ እያንዳንዱ ወደ 5 ሜጋባይት ነው፣ ከስልክ ቀጥታ የተጫነ፣ በኛ ኔትወርክ እሱ እስኪከፍት የሚጠብቅ እንግዳ የለም፣ ወደ 200 ኪሎባይት ብታወርዱት ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ስልክ ቁጥርሽም በ09 ነው የተፃፈው፣ ዋሽንግተን ያለ ዲያስፖራ ነክቶት ሲደውል አይገባለትም፣ ዜሮዋን አውጥተሽ ከፊት ፕላስ 251 አድርጊበት። ይቺ ይቺ እኮ ናት ደንበኛ ምታባርረው።

አሁን ወደ "አንደኛ እናወጣሻለን"። በየትኛው ቃል ነው አንደኛ ምታወጡኝ ብለሽ ጠይቂያቸው። በቤትሽ ስም ከሆነ ቲኳ ስትነሳና ርእሱ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁም ይመጣል። "ባሕር ዳር ሆቴል" በሚለው ከሆነ ግን እዛ ሜዳ ላይ እነ ቡኪንግና ትሪፕአድቫይዘር የሚባሉት ትልልቅ የሆቴል ሳይቶች ተዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ዘጠኝ ክፍል ያለው ቤት በሶስት ወር አይነቀንቃቸውም። ጉግል ራሱ ኤስኢኦ ለሚቀጥሩ ሰዎች በሚሰጠው ምክር ላይ አንደኛ ለማውጣት ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም ይላል፣ ጥቅሙ እስኪታይ ከአራት ወር እስከ አንድ አመት ይፈጃል ያሉትም የነሱው ሰዎች ናቸው። ብር ከፍለሽ ከላይ ምትወጪበት ማስታወቂያው ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ስፖንሰርድ ተብሎ ተፅፎበት ነው ሚወጣው፣ ክፍያው ሲቆም ይጠፋል። ከሌላ ሳይት ወዳንቺ የሚመራ ሺ ሊንክ ገዝተን እናስገባልሻለን ካሉሽ ደሞ ውይይቱን እዛው ጨርሺው፣ ጉግል እንዲህ አይነቱን ሲያጣራ ከ2012 ጀምሮ ነው በፈረንጅ።

አንቺ ሚያዋጣሽ ጠበብ ያለው ነው። እንግዳ ሚፈልገው ከኤርፖርት እንዴት ልምጣ፣ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ከየት ነው ሚነሳው፣ ጢስ ዓባይ መቼ ነው ሚሞላው፣ ለጥር 23 የእንጅባራ ፈረሰኞች በዓል እናንተ ጋ አድሬ ጠዋት እደርሳለሁ ወይ፣ ይሄን ነው። ይሄን ሁሉ ሪሴፕሽን ላይ ስትመልሺ ነው ምትውዪው አይደል፣ ያንኑ እንደምታወሪው ፃፊው። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎሜትር ገደማ እንደሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም አካባቢ እንደሚያምር፣ በጋው ሲገፋ ግን ውሃው እንደሚሳሳና መብራት ማመንጫውም እንደሚጋራው እቅጩን ንገሪያቸው። አፃፃፍም አስቢበት፣ ባሕር ዳርን አንዱ በሐመሩ ሐ ሌላው በሀሌታው ሀ ይፅፈዋል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደሞ አንዱ ያያይዘዋል ሌላው ይለየዋል፣ የተለመዱትን አለፍ አለፍ እያልሽ ብታስገቢ አይጎዳም።

ላንቺ ቤት ግን ከዌብሳይቱም በላይ ካርታው ነው። ቤትሽን ጉግል ካርታ ላይ የሚያወጣው የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነፃ ነው፣ እስካሁን እንዳልከፈትሽ አይቻለሁ። ለአካባቢ ፍለጋ ጉግል ሚያየው ሶስት ነገር ነው፣ የተፈለገው ነገር አንቺ ጋ መኖሩን፣ ርቀቱን፣ ቤቱ ምን ያህል መታወቁን። አንድ ፔንስዮን ያለው ደንበኛዬ እንግዳ ይደውላል ግን አይመጣም እያለ ሲያማርር ፕሮፋይሉን ከፍቼ ሳየው ፒኑ፣ ካርታው ላይ ቦታውን የሚያሳየው ምልክት፣ ጣና ውስጥ ነው፣ ከዳር ገባ ብሎ ውሃው መሀል፣ እንግዳው ስልኩን ለባጃጅ ሹፌሩ ሲያሳየው "ለዚህስ ጀልባ ነው ሚያስፈልግህ" ብሎ ስቆ አወረደው። እኛ ጋ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብሎ ነገር ስለማይሰራ ፒኑን አጉልተሽ በራስሽ ጣት በሩ ላይ አስቀምጪው። ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው ሚጠይቀው፣ ሳታቋርጪ መንገዱን፣ ታፔላሽን፣ ከዛ በሩን በራስሽ ቁልፍ ስትከፍቺ መቅረፅ ነው። ሪቪው (የእንግዳ አስተያየት) አትግዢ፣ ቅናሽ ሰጥተሽም አታስፅፊ፣ ሁለቱም ክልክል ነው፣ ሂሳብ ሲዘጉ እባካችሁ ፃፉልን ማለት ይበቃል።

ሰው መቅጠርሽ ካልቀረ ከዋጋው በፊት ዶሜይኑ በማን ስም ነው ብለሽ ጠይቂ። ቤት ሰርተሽ የይዞታ ካርታው በሌላ ሰው ስም ቢሆን እንቅልፍ ይወስድሻል? ስራ ስጀምር እኔ ራሴ ደንበኞቼን ላለማስቸገር ብዬ፣ ዶላር ሚከፍል ካርድ የነበረውም እኔ ጋ ስለሆነ፣ ሁሉንም በራሴ ኢሜይል አስመዘግብ ነበር፣ በኋላ ኢሜይሉ ተዘጋብኝ፣ አድስ የሚለውን መልእክት ሳላየው የደብረ ማርቆስ የአንድ ፈርኒቸር ቤት ዶሜይን ጊዜው አለፈና ሌላ ሰው ገዛው። ሰውዬው አልከሰሰኝም፣ ታፔላው ላይ ያለውን አድራሻ በቀለም ደልዞት ነው ያለው፣ በዛ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነው ማልፈው።

ሌላው፣ ፓስወርድሽን ለማንም አትስጪ፣ ሰርች ኮንሶሉም ፕሮፋይሉም አንቺን ባለቤት አድርጎ ሌላውን ሰራተኛ አድርጎ መጨመር ይችላል፣ ስትለያዩ ትሰርዢዋለሽ። ድርጅቱን የመጀመሪያው ወር ላይ ምን ምን ትሰራላችሁ በፅሁፍ ስጡኝ በያቸው፣ የሰሩላቸውን ሁለት ሰዎች ስልክ ተቀብለሽ ደውዪ። ያንቺን ሳይት ሳይከፍቱ ዋጋ ከነገሩሽ ቲኳንም አላዩዋትም ማለት ነው፣ እኔ እዛ ላይ ነው ማቆመው። ዘጠኝ ክፍል ላለው ቤት አንዴ ተስተካክሎ አንዴ ሚከፈልበት ስራ ይበቃል ባይ ነኝ፣ ወርሃዊው በየወሩ አዲስ ገፅ የሚፅፍልሽ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ለማንኛውም መጀመሪያ ልጁ ጋ ደውዪ፣ ሳትቆጪ። የዎርድፕረሱን አድሚን፣ የሆስቲንጉን (ሳይቱ የተቀመጠበትን) አካውንት፣ ዶሜይኑ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ ጠይቂው። ቡና አፍልተሽ ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፣ ቲኳን አቦሉ ሳይቀዳ ያነሳታል፣ ዶሜይኑን ወዳንቺ ስም ማዞሩ ግን በረካውንም ሊያልፍ ይችላል።