ሽሪምፕ በዶውቺ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

በካንቶን (የደቡብ ቻይና) ምግብ ቤት ኩሽና ለዓመታት ሠርቻለሁ። እዚያ ከተማርኳቸው ምግቦች ሁሉ አብልጬ የምወደው ሽሪምፕ በዶውቺ፣ ማለትም በተብላላ ጥቁር አኩሪ አተር ነው። ስለሱ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶውቺ የምትለው ምንድን ነው? የሜክሲኮ ጥቁር ባቄላ በቆርቆሮ ገዝቻለሁ። እሱ ይሆናል? (ከዴንቨር)

አይሆንም እህቴ። እሱ ሌላ እህል ነው። አልተብላላም፣ ሶሱንም ገንፎ ያደርገዋል። ለሌላ ምግብ አስቀምጪው።

ዶውቺ ከጥቁር አኩሪ አተር ነው የሚሠራው። አኩሪ አተሩ ይዘፈዘፋል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ ሻጋታ እንዲይዝ ይተዋል። ሻጋታው ሆን ተብሎ የሚበቅል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሶይ ሶስ የሚሠራበት የአስፐርጊለስ ዝርያ ነው። ከቀናት በኋላ ታጥቦ ይወገዳል፣ ያለዚያ ይመራል። ከዚያ በጨው ታሽቶ በጋን ውስጥ ለወራት ይከርማል። በዚህ ጊዜ የአኩሪ አተሩ ፕሮቲን ይሰባበርና አሚኖ አሲድ ይሆናል። ከነዚህ አንዱ ግሉታሜት ነው። ሥጋ ሳይገባበት ሥጋ ሥጋ የሚለው ጣዕም ከዚያ ይመጣል።

ከኛ ማዕድ የሚቀርበው ስልጆ ይመስለኛል። ባቄላው ሲብላላ የሚያወጣው ኃይለኛ ሽታና በትንሹ ብዙ የመናገር ባሕርይ ሁለቱም ላይ አለ። ልዩነቱ ስልጆ እርጥብና ጎምዛዛ ነው፤ ዶውቺ ግን ደረቅ፣ ጨዋማና ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ነው።

ጥያቄ፦ የት ይገኛል? የትኛውን ልግዛ? (ከዱባይ፣ ከአዲስ አበባ እና ከሲያትል)

የቻይና ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ ካለ ዶውቺ አይጠፋም። ዱባይ ላላችሁ ድራጎን ማርት ሂዱ። አዲስ አበባም ቻይናውያን የሚገበያዩባቸው ሱቆች አሉ። አሜሪካ ደግሞ ማንኛውም የቻይና ሱፐርማርኬት ውስጥ ከደረቅ ቅመም መደርደሪያ ፈልጉት።

ለዚህ ምግብ የምመርጠው የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያንግጂያንግ ከተማ ዶውቺ ነው። ብዙ ጊዜ በቢጫ ክብ የካርቶን ዕቃ ይመጣል፤ ዝንጅብልም ይገባበታል። ፍሬው ሲጫኑት ለስለስ ይላል፣ ሲያሸቱትም ጥልቅ ነው። ድንጋይ የሆነ፣ ሽታ የሌለው ከሆነ ከርሟል፤ ተዉት። የሁናኑ ሊዩያንግ እና የቾንግቺንጉ ዮንግቹዋንም ስመ ጥር ናቸው። የዮንግቹዋኑ በሌላ የሻጋታ ዓይነት፣ በሙኮር፣ ስለሚብላላ ጣዕሙ ይለያል።

ጥያቄ፦ በጠርሙስ የተዘጋጀ የዶውቺ ሶስ ("የጥቁር ባቄላ ሶስ" የሚሉት) አለ። ለምን እለፋለሁ?

ቸኩለህ ከሆነ ተጠቀምበት፣ ኃጢአት የለውም። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ስታርች፣ ስኳርና ሶይ ሶስ አስቀድሞ ገብቷል፤ የጨውና የውፍረቱ ልክ ከእጅህ ይወጣል። ፍሬውን ራስህ ዘይት ላይ ስታቁላላው የሚነሳው መዓዛም አይገኝም። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም። የምግቡ ነፍስ እዚያች ግማሽ ደቂቃ ላይ ናት።

ጥያቄ፦ ሙሉ አሠራሩን ከነልኩ ንገረን። (ብዙ ሰው)

ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይህን አዘጋጁ። ግማሽ ኪሎ የተላጠ ሽሪምፕ። አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ዶውቺ። አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፤ ራሱን ሳይሆን ፍሬውን ነው የምላችሁ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል። አንድ መካከለኛ ሽንኩርትና አንድ ትልቅ ጣፋጭ ቃሪያ፣ በጉርሻ ልክ የተቆረጡ። የሚያቃጥል ከፈለጋችሁ አንድ ቀይ ቃሪያ። ሁለት እፍኝ ያልሞላ የሽንኩርት ቅጠል። ለሶሱ ግማሽ ኩባያ የዶሮ ወይም የሽሪምፕ ልጣጭ መረቅ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሻኦሺንግ ወይን (የቻይና የሩዝ ወይን)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር።

ሽሪምፑን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ በሶፍት በደንብ አድርቁት። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና ጥቂት ነጭ ቁንዶ በርበሬ አሹት። ፍሪጅ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይቆይ። ሶዳው ሥጋውን ስለሚያጠነክረው ሲነከስ ቀጭ ይላል። ከልኩ ካለፈ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ተጠንቀቁ።

ዶውቺውን በውሃ ለቅለቅ አድርጉና በቢላ ጎኑ ጨፍልቁት። ሁሉንም አታድቅቁት፤ ገሚሱ ፍሬ ሆኖ ይቅር። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አድቅቃችሁ ከሱ ጋር ቀላቅሉ።

አሁን እሳቱ። መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ከዚያ ዘይት ጨምሩ። ሽሪምፑን በአንድ ረድፍ ዘርግታችሁ ሳትነካኩት አንድ ደቂቃ ተዉት፣ ገልብጡት፣ ውጩ ሮዝ ሆኖ መሃሉ ገና ሳይነጣ አውጡት። ያልበሰለ መስሏችሁ ትፈራላችሁ። አትፍሩ፣ ይመለሳል።

እሳቱን ቀንሱ። ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ዶውቺውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አቁላሉ። ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃል። ቤቱ በመዓዛ ሲሞላ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርቱ ካረረ ሶሱ ሁሉ ይመራልና ዐይናችሁ ከመጥበሻው አይነቀል። ከዚያ እሳቱን መልሱት፣ ሽንኩርትና ቃሪያውን ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ አማስሉ። ወይኑን በመጥበሻው ጠርዝ አፍስሱት፤ ቺስ ይበል። መረቁን፣ ሶይ ሶሱንና ስኳሩን ጨምሩ። ሲፈላ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ በቀስታ ጨምሩበት። ሶሱ ማንኪያ ሲሸፍን ሽሪምፑን መልሱ። አንድ ደቂቃ። የሽንኩርት ቅጠል፣ ጠብታ የሰሊጥ ዘይት፣ አበቃ።

ጥያቄ፦ እኔ ስሠራው ሁሌ ጨው ይበዛብኛል።

ሦስት ጨው እየጨመሩ ይሆናል፦ ዶውቺ፣ ሶይ ሶስ፣ ከዚያ ተራ ጨው። ሶሱ ላይ ተራ ጨው አይግባ፣ በፍጹም። ዶውቺውን መለቅለቅ የሚያከራክር ጉዳይ ነው። አንዳንድ ጎበዝ አብሳዮች ጣዕሙ ይሄዳል ብለው አያጥቡም። እኔ ለቤት አብሳይ መለቅለቅን እመክራለሁ፤ መዘፍዘፍ ግን አይገባም። መረቃችሁም ጨው የሌለው ይሁን፤ የኩብ መረቅ ከሆነ በጣም አቅጥኑት።

ጥያቄ፦ ሽሪምፑ ላስቲክ ይሆናል። ምን ላድርግ?

አበሰልሽው፣ ደግመሽም አበሰልሽው። ሽሪምፕ ትንሽ ታጠፍ ሲል በስሏል፤ ተጠቅልሎ ቀለበት ከሠራ አልፏል። ለዚህ ነው አስቀድሞ የሚወጣው። ሌላው ምክንያት መጥበሻ ማጨናነቅ ነው። ውሃው ይወጣና ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ግማሽ ኪሎውን በሁለት ዙር ጥበሺ።

ሲገዙ ደግሞ ጥሬውን፣ ግራጫውን ግዙ። ሮዝ ሆኖ የሚሸጠው የበሰለ ነው፤ ደግሞ እሳት ላይ ሲወጣ ይደርቃል። አሜሪካ ፓኬቱ ላይ 21/25 የሚል ካያችሁ በአንድ ፓውንድ ከ21 እስከ 25 ፍሬ ይገባል ማለት ነው፤ ለዚህ ምግብ ጥሩ ልክ ነው። ዝርዝሩ ላይ ፎስፌት ካለ ውሃ እንዲይዝ የተደረገ ነው፤ መጥበሻ ላይ ይለቀዋል። ሽሪምፕና ጨው ብቻ የሚለውን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር መስመር ጎጂ ነው?

አንጀቱ ነው። በስሎ ቢበላ አይጎዳም፣ ግን አሸዋ ይኖረዋል። ጀርባውን ሰንጥቃችሁ አውጡት። ሰንጠቁ ሶሱ እንዲገባም ይረዳል። ልጣጩን አትጣሉ፤ በጥቂት ዘይት ጠብሳችሁ በውሃ 15 ደቂቃ ካፈላችሁት የሶሱ መረቅ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ወይን አልጠቀምም፤ ያለሁትም ኩዌት ነው። ምን ልተካ?

አንድ የሾርባ ማንኪያ መረቅ ከጥቂት ጠብታ የሩዝ ኮምጣጤ ጋር፣ ዝንጅብሉንም ጨመር አድርጊ። የወይኑ ዋና ሥራ የባሕር ሽታን መቀነስ ነው፤ ዝንጅብልም ይህን ያደርጋል። የሶይ ሶሱን ጠርሙስም አንብቢ፤ አንዳንዱ ላይ አልኮል ተጨምሮበታል።

ጥያቄ፦ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ሽሪምፕ ቤታችን አይገባም። ይህን ጣዕም በሌላ ማግኘት ይቻላል?

በሚገባ። ዘሌዋውያን 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንደማይበላ ተጽፏል፤ ብዙ ቤት ይህን ይጠብቃል። እስራኤል ያላችሁም ይህን ጥያቄ ልካችኋል። የካንቶን ሰዎች ራሳቸው ዶውቺን ከሽሪምፕ ጋር ብቻ አያስሩትም። ዓሣ ላይ አድርገው በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ለእኔ ከሽሪምፑ የሚያንስ አይደለም። ቆሮሶ ወይም ሌላ ነጭ ዓሣ ያዙ፣ የተቆላውን ዶውቺ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከላይ አድርጉ፣ ውሃው በኃይል በሚፈላ ድስት ላይ ክደኑት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ በ8 ደቂቃ አካባቢ ይደርሳል። በሹካ ሲነኩት ሥጋው ከተላቀቀ አውጡት።

ለጾም ደግሞ ዶውቺ እውነተኛ ሀብት ነው። ብዙ ጊዜ አኩሪ አተርና ጨው፣ አንዳንዴም ዝንጅብል ብቻ ነው። በቶፉ፣ በደበርጃን ወይም በቃሪያ ብቻ ሥሩት፤ መረቁን በእንጉዳይ ውሃ ተኩ። ሽሮና ምስር ለሰለቸው ቤት ትልቅ እረፍት ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ምግብ ቤት "ሽሪምፕ በሎብስተር ሶስ" ይሸጣል። ከዚህ ጋር ዝምድና አለው?

አለው። ሶሱ ሎብስተር የለበትም፤ የካንቶን አብሳዮች ሎብስተር የሚሠሩበት ሶስ ነበርና ስሙ ተከትሎት መጣ። ዶውቺ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በመጨረሻ የተመታ እንቁላል ይገባበታል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ጊዜ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ አለበት። ስሙ ይህን አይናገርም። ለማትበሉ ሰዎች፣ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ብጨምርበትስ?

በርበሬ አይግባበት። ውስጡ ያለው ኮረሪማና ሌላው ቅመም ዶውቺውን ይውጠዋል። ማቃጠል ከፈለክ ጥሬ ቃሪያ በቂ ነው። ቻይናም የሚያቃጥለው ዘመዱ አለ፦ የጉዪጆው "ላኦ ጋን ማ" ከዓይነቶቹ አንዱ ዶውቺ በሚያቃጥል ዘይት ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሱ ብትጨምር አይጣላም።

ጥያቄ፦ ይህ ምግብ ምን ያህል የቆየ ነው?

ዶውቺው እጅግ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሁናን ክፍለ ሀገር፣ ቻንግሻ ከተማ፣ ማዋንግዱዪ በተባለ ስፍራ የአንዲት የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን መኳንንት ሴት መቃብር ተቆፈረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበረች ናት። ለወዲያኛው ዓለም ስንቅ ተብሎ ከተቀመጠላት ምግብ መካከል ዶውቺ ተገኝቷል። ያንኑ ነገር ዛሬ ከሱቅ መግዛት መቻላችን ሁሌም ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሽሪምፕ ሲበላ ከንፈሩ ያብጣል። በደንብ ባበስለው ይቀራል?

አይቀርም፣ እባክሽ አትሞክሪው። አለርጂውን በዋናነት የሚያመጣው ትሮፖማዮሲን የተባለ ፕሮቲን እሳት አያጠፋውም። ሐኪም ጋ ውሰጂው። ሽሪምፕ የተጠበሰበት ዘይትም ለሱ ምግብ አይሆንም። ዶውቺ አኩሪ አተር ነው፣ ሶይ ሶስም ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት፤ ለሐኪሙ እነሱንም ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዎክ (የቻይና ጎድጓዳ መጥበሻ) የለኝም፣ ምድጃዬም ኤሌክትሪክ ነው።

ከባድ የብረት መጥበሻ ከዎክ ይሻልሃል። ሙቀት ይይዛል፣ ለጠፍጣፋ ምድጃም ይመቻል። ሦስትና አራት ደቂቃ ባዶውን አግለው።

ጥያቄ፦ በእንጀራ ይበላል?

በልቼዋለሁ፤ ነጩ ሩዝ ይበልጣል። እንጀራ የራሱ ጎምዛዛነት አለው፣ ከዶውቺው ጋር ይሻማሉ። ሩዝ ግን ሶሱን ይቀበላል። በእንጀራ ከሆነ ሶሱን ወፈር አድርጉት።

ጥያቄ፦ የከፈትኩት ዶውቺ ላይ ነጭ ነገር አለ። ተበላሽቷል?

የሚፈረፈር ደረቅ ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጨው ነው፣ ችግር የለውም። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ ጣሉት። ካርቶኑን ከከፈታችሁ በኋላ ጥብቅ ክዳን ወዳለው ብርጭቆ ገልብጡትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ዓመት ይቆያል። ደረቅ ማንኪያ ብቻ ይግባበት።