«በእግሩ ሄዶ ነው የወጣው» አትበሉ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «አምበላችን ትናንት ማታ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ፣ ግን በእግሩ ሄዶ ነው የወጣው። ቀላል ነው አይደል? ለስንት ጊዜ ነው የምናጣው?» ብለሃል። ከሥሩ የተጻፈውንም አነበብኩ። አንዱ ሁለት ሳምንት ይላል፣ ሌላው የውድድር ዓመቱ አበቃለት ይላል። ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ ስጠጣ ከኋላዬ የተቀመጡት ልጆችም በዚሁ ሲጨቃጨቁ ነበር። አንዱ ቪዲዮውን ቀስ እያደረገ «እይ፣ የጉልበቱ ሎሚ ሲዞር ይታያል» ይላል። በስልኩ ኤምአርአይ ማንሳት ጀምሯል ማለት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጉልበቴ ግን ተበጥሶ ያውቃል። ከዚያ ተነስቼ የምነግርህ፣ በእግሩ መውጣቱን እንደ ማስረጃ አትያዘው።

እሁድ ጠዋት ነው፣ ጃን ሜዳ። ማንም አልነካኝም። ኳሷን ተቀብዬ ልዞር ስል ታኬታዬ መሬቱን ያዘ፤ ሰውነቴ ዞረ፣ ጉልበቴ ቀረ። «ቋ» አለ። አጠገቤ የነበረው ተከላካይ ራሱ ሰምቶት እንጨት የረገጠ መስሎት ወደ መሬት አየ። ለሁለት ደቂቃ ያህል አሳበደኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ። ተነሳሁ። ዘለል ዘለል ብዬ ሞከርኩት። እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ ሄጄ፣ ታክሲ ይዤ፣ ፒያሳ ከልጆቹ ጋር ፍርፍር በላሁ። ማታ ሱሪዬን ላወልቅ ስል ጉልበቴ ጋ ሲደርስ እንቢ አለ። ድፎ ዳቦ አክሎልሃል።

ኋላ እንደገባኝ ጅማቱ ሲበጠስ ወደ ውስጥ ይደማል፤ በሰዓታት ውስጥ የሚያሳብጠውም እሱ ነው። ኤሲኤል የምንለው ጅማት ሥራው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ስትዞር ጉልበትህ እንዳይከዳህ መያዝ ነው። ቀጥ ብሎ ለመራመድ ግን ያን ያህል አትፈልገውም። የሊቨርፑሉን ተከላካይ ቫን ዳይክን አስታውስ። እንደ ፈረንጆቹ በጥቅምት 2020 ጉዲሰን ፓርክ ላይ የኤቨርተኑ በረኛ ፒክፎርድ ከገባበት በኋላ እያነከሰ በእግሩ ወጣ። የዚያ ዓመት ውድድር እስኪያልቅ ሊቨርፑል አላገኘውም። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪም በመስከረም 2024 ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ በእግሩ ነው የወጣው። ኤሲኤሉም፣ ሜኒስከስ የሚባለው የጉልበት ውስጥ ትራስም ተጎድቶ ተገኘና የተመለሰው ግንቦት 2025 ነው።

እኔ ያኔ ይሄን የት አውቄ። ሰው ጠቁሞኝ አንድ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። (የቡድን ሐኪሙንም «ወጌሻ» እያልን ስለምንጠራው ይሆን እንዴ እንዲህ የምናምናቸው?) በቅቤ አሽቶ «ወለምታ ነው፣ ገብቷል» አለኝ። በሦስት ሳምንት እብጠቱ ጠፋ፣ ሰውየውም ተመሰገነ። በስድስተኛው ሳምንት ተመልሼ ጃን ሜዳ ገባሁ። ቀጥ ብዬ ስሮጥ ፈረስ ነበርኩ። አንዴ ልታጠፍ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሜኒስከሱም ያኔ ተቀደደ። የሚቆጨኝ የመጀመሪያው እሁድ አይደለም፣ ይሄኛው ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ስደርስ አስተኝቶኝ፣ ጉልበቴን ትንሽ አጠፍ አድርጎ፣ ቅልጥሜን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ደህናው እግር ላይ አንድ ቦታ ደርሶ ገታ ይላል። የተጎዳው ዝም ብሎ መጣለት። ኤምአርአዩ ሳይነሳ ፊቱን አይቼ ገባኝ።

«ለስንት ጊዜ» ላልከው፣ የትኛው ጅማት እንደሆነ ሳይታወቅ መልስ የለውም። የጎኑ ጅማት ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ኤሲኤል ሙሉ ለሙሉ ከተበጠሰ ግን ከቋንጃ ወይም ከሎሚው ሥር ጅማት ተወስዶ ይተካል። የተተካው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመጠንከር ይልቅ ይደክማል፤ ከ9 ወር በፊት መመለስ ድጋሚ የመበጠስ አደጋውን ይጨምረዋል። ኢብራሂሞቪች በ2017 በ7 ወሩ ተመልሷል ትለኝ ይሆናል። ተመልሷል። ግን ማንቸስተር ዩናይትድ ቤት እንደ ድሮው አልሆነለትም፣ በቀጣዩ መጋቢት ሄደ።

ደግሞ ጅማቱ ብቻ አይደለም፣ ታፋው አለ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ታፋዬ እንዴት እንደሟሸሸ ብታይ ታዝን ነበር። በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካሁ ነበር የምውለው። ሁለቱ እግሮቼ እኩል እስኪሆኑ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር መውረድ ፈተና ነበር። ዳገቱ ይሻላል፣ ቁልቁለቱ ነው ጉድ የሚያደርግህ። ሰው ደግሞ ሲያይህ ደህና ነህ፣ «መቼ ነው የምትጫወተው?» ይልሃል።

ስለዚህ እስኪነግሩን ጠብቅ። ክለቡ «ተጨማሪ ምርመራ ያደርጋል» ካለ ገና አያውቁም ማለት ነው። «ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል» ካሉ ከዚያን ቀን ጀምረህ ቁጠር፣ ከወደቀበት ቀን አይደለም። ሁለት ሳምንት ያልከው ልጅ ደግሞ፣ ከታች አይቼሃለሁ፣ በማኪያቶ ተወራርደናል። ፒያሳ ነኝ።