አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የቨርጂኒያ ሥራ፤ ቀጣሪው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አምስት ትራክ ያለው ትንሽ የጭነት ድርጅት አለኝ፣ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የአሜሪካ ድርጅት) ነው። ዲስፓቹን፣ ማለትም ለትራኮቹ ጭነት መፈለጉንና ሹፌሮቹን ማሰማራቱን፣ የሚሠሩልኝ ሁለት ልጆች አዲስ አበባ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያስመዘገብኩት ድርጅት የለም፤ በየወሩ ደሞዛቸውን እልካለሁ፣ በቃ። አሁን ሁለት ልጨምርና ቦሌ አካባቢ አንድ ክፍል ቢሮ ልከራይላቸው አስቤያለሁ። ጓደኞቼ "ኮንትራክተር ናቸው በልና ተወው" ይሉኛል፣ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው ለማለት ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለም። ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ልነግርህ አልችልም፤ ሁሉም የሚሰማው ምክር ያው የጓደኞችህ ነው።

አንድ ሰው ኮንትራክተር የሚሆነው አንተ ስላልከው አይደለም። የሚታየው አሠራሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሕጉ ውጭ የሚያደርገው በራሱ ንግድ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ተከፍሎት የሚሠራን ሰው ነው። እስቲ ልጆቹን ተመልከት። የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት የምትወስነው አንተ ነህ። ሲታመሙ የሚያስፈቅዱት አንተን ነው። ሌላ ደንበኛ የላቸውም፤ ጭነት ቢኖርም ባይኖርም ወር ሲደርስ ያው ደሞዝ ይመጣላቸዋል። ይህ ቅጥር ነው። "ወረቀት አልፈራረምንም" ማለትም አያስጥልም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል።

ቅጥር ከሆነ ደግሞ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ጣሪያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። የጡረታ መዋጮ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ። የደሞዝ ግብር አለ፣ ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ይደርሳል፤ ሥራው የሚሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ ግብሩ የኢትዮጵያ ነው።

የሌሊቱን ነገር ደግሞ ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ዲስፓች ላይ ሁሉም የሚረሳው ይህን ነው። በክረምታችሁ፣ በብርዱ ወራት፣ እናንተ ጋ ጠዋት ሥራ ሲጀመር አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ልጆቹ የሚጨርሱት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ከመደበኛው ሰዓት አልፈው ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሠሩ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ነው፣ ቀን ላይ ከሆነ በ1.5። ገናንና ጥምቀትን ካሠራሃቸው ቢያንስ እጥፍ ነው፤ እናንተ ጋ የሥራ ቀን መሆኑ ምንም አይለውጥም። በዚያ ሰዓት ቤታቸው እንዴት ይገባሉ? ይህንንስ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? አሁኑኑ ደውልና ጠይቃቸው።

ወደ ቢሮው ልምጣ። እባክህ ምንም ሳታስመዘግብ ቢሮ አትከራይ። ቤታቸው ሆነው መሥራታቸው አንድ ነገር ነው፤ ድርጅትህ አዲስ አበባ ላይ የራሱ ቦታ ሲኖረው ግን የገቢ ግብር አዋጁ "በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት" የሚለው ውስጥ ትገባለህ፣ ከዚያ ሥራ የተገኘው ትርፍ ላይም 30 በመቶ ግብር ሊጠየቅ ይችላል። በዚያ ላይ ልጆቹ በድርጅትህ ስም ከብሮከር (ጭነት ከሚያገናኝ ደላላ) ጋር ዋጋ ተደራድረው የሚጨርሱ ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል። አሜሪካና ኢትዮጵያ ተደራራቢ ግብር የሚያስቀር ስምምነት የላቸውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛው መንገድ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው ልጆቹን በራሱ ስም ቀጥሮ ለአንተ ያሠራልሃል፣ ግብሩንም ጡረታውንም እሱ ይከፍላል፣ አንተ የአገልግሎት ክፍያ ትከፍለዋለህ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይህን ይፈቅዳል። ለሁለት ሰው ጥሩ ነው። ፈቃዱን ግን በዓይንህ እይ፤ ጡረታው በትክክል መግባቱንም ከልጆቹ እየጠየቅህ አረጋግጥ፣ ከደሞዛቸው ተቆርጦ የትም ሳይደርስ የሚቀር አለና።

ለአራት ሰውና ለቢሮ ግን እኔ የምመክርህ ሌላ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነህ ብዬ ልገምት። ቢጫ ካርድ (ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ) ካለህ በራስህ ስም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልትቆጠር ትችላለህ። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። የውጭ ባለሀብት በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ለአንድ ፕሮጀክት በጥቅሉ 200,000 ዶላር ይዞ መምጣት አለበት፤ አንተን ያ አይመለከትህም። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል፣ ስለዚህ የአጎትህን ልጅ በስም ብቻ ሸሪክ ማድረግ አያስፈልግህም። አንድ ነገር ጠብቅ፦ ባለቤቱ አንተ ራስህ ሁን እንጂ ኤልኤልሲው አይሁን። ኤልኤልሲው ከሆነ የውጭ ባለሀብት ነው።

ከዚያ በሁለቱ ድርጅቶች መካከል የአገልግሎት ውል ይፈረማል። የቨርጂኒያው በየወሩ ዶላር ይልካል፣ የአዲስ አበባው ደሞዝ፣ ኪራይና ግብር ይከፍላል። ዋጋው ከማታውቀው ሰው ጋር ብትዋዋል የምትከፍለው ዓይነት ይሁን፤ ወጪውን ብቻ የምትሸፍንለትና ምንም የማያተርፍ ድርጅት ግብር ቢሮ ሲሄድ ጥያቄ ያስነሳል። የሒሳብ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ያዝ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ግራፊክ ዲዛይነር በየጊዜው ሎጎና ፖስተር ይሠራልኛል፣ ሌሎች ደንበኞችም አሉት። 1099 የሚባለውን፣ ለኮንትራክተር የተከፈለ ገንዘብ የሚገለጽበትን የአሜሪካ የግብር ፎርም ልላክለት?

መልስ፦ አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ሰው በትክክል ኮንትራክተር ነው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነና ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከአሜሪካ ውጭ ከሠራው ደብሊው ኤይት ቤን (W-8BEN) የሚባለውን፣ የውጭ አገር ሰው መሆኑን የሚገልጽበትን ፎርም አስሞላውና ፋይልህ ውስጥ አስቀምጥ፤ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) አይላክም። ፎርሙ በጥቅሉ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ያገለግላል። ከክፍያው ላይ 30 በመቶ የአሜሪካ ግብር መቁረጥም የለብህም። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ለአንድ የውጭ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ ስሠራ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ የደንበኛ አገልግሎት ነው። ውሌ "ኮንትራክተር" ይላል። ደሞዜ በአክስቴ ልጅ አካውንት ነው የሚመጣው። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የወሊድ ፈቃድ ስጠይቅ "ኮንትራክተር ስለሆንሽ አይመለከትሽም፣ ካረፍሽ ክፍያ የለም" አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ነው የተናደድኩት።

በሰዓት እያስገቡ እያስወጡ የሚያሠሩሽ ከሆነ፣ ከላይ ለወንድማችን ያልኩት ላንቺም ይሠራል፤ የውሉ ርዕስ ብቻውን አይወስንም። ለሠራተኛ ሕጉ ከሚጠበቀው ወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ሳለችና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር አሠሪው እንዲያሰናብታትም በጥቅሉ አይፈቅድም።

እውነቱን ግን ልንገርሽ። ፍርድ ቤት ብትረቺም አገር ውስጥ አድራሻ፣ ንብረትና የባንክ አካውንት የሌለው ድርጅት ላይ ፍርዱን ማስፈጸም ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ። አንቀጹን ጥቀሺ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 88 ነው። ሙሉውን እንቢ ካሉ ቢያንስ 90ው ቀን ይከፈለኝ ብለሽ ተደራደሪ። ብዙ ድርጅት "ኮንትራክተር" የሚለው ሳይጣራ እስከቆየ ድረስ ነው የሚመቸው፤ ሕጉን የምታውቅ ሠራተኛ በጽሑፍ ስትጠይቅ ጠበቃቸውን ማማከራቸው አይቀርም።

ጎን ለጎን ማስረጃ ሰብስቢ። የሥራ ሰዓት ፕሮግራም፣ የአለቃሽ መልእክቶች፣ ፈቃድ የጠየቅሽባቸው ኢሜይሎች፣ የክፍያ ደረሰኞች። በሥራ ኢሜይል ላይ ብቻ አትተዪያቸው፣ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል። ያልተከፈለ ደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ስለዚህ "ልውለድና አየዋለሁ" አትበዪ።

የአክስትሽን ልጅ አካውንት ደግሞ ተዪው። ነገ ደሞዝ ይከፈለኝ ነበር ስትዪ ማስረጃው በሰው ስም ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱን ሲለውጥ ከውጭ ደሞዝ የሚመጣላቸው ሰዎች የውጭ ምንዛሪ አካውንት መክፈት እንዲችሉ ፈቅዷል። ውልሽንና መታወቂያሽን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ባንክ ሂጂ፣ የሚቀጥለው ወር ደሞዝ በራስሽ ስም ይግባ።