የሰፈር ቴአትር ክበብ መግባት ለምትፈልጉ፦ ጠይቁኝ

ከአያት አለፍ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ የሚያልቅበት አካባቢ ባለ የአማተር ቴአትር ክበብ ውስጥ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። እንጀራዬ ሌላ ነው፣ ቴአትሩ የቅዳሜ ነው። አዲስ አባላት እንፈልጋለን ብለን ማስታወቂያ ከለጠፍን ወዲህ ጥያቄው በዛ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ይጠይቁኛል። አንድ ላይ ልመልስ።

የመድረክ ልምድ የለኝም። ትቀበሉኛላችሁ?

እንቀበልሃለን። አብዛኞቻችን ስንመጣ ቴአትር ገብተን እንኳ አናውቅም ነበር። የምንፈልገው 8 ሰዓት ሲባል 8 ሰዓት የሚገኝ ሰው ነው። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ትዕይንቱ ላይ አምስት ሰው ካለና አንዱ ከቀረ አራቱ ሻይ ሲጠጡ ይውላሉ። ጎበዝ ሆኖ የማይመጣ ልጅ ስንት ሥራ እንዳበላሸብን እኔ ነኝ የማውቀው። እና መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፤ ቅዳሜህ የራስህ ነው? ሱቅ ትጠብቃለህ? ጥርና ሚያዝያ ላይ ሰርጉ ሲበዛስ?

ኦዲሽኑ ከባድ ነው?

አይደለም። አንድ ገጽ ሰጥተንህ ጮክ ብለህ ታነባለህ። ከዚያ ያንኑ ጽሑፍ "አሁን ከእናትህ ጋር ተጣልተህ እንደመጣህ ሆነህ አንብበው" እንልሃለን። የምናየው ሲነገርህ መለወጥ መቻልህን ነው። መነባንብ አጥንታችሁ ብትመጡም ደስ ይለናል፣ ግን የታዋቂ ተዋናይ ድምፅ ቀድታችሁ አትምጡ። በአንድ ቀን ሦስት ልጆች በአንድ ሰው ድምፅ ሲያለቅሱ ሰምተናል።

ብር አለው?

የለውም። እንዲያውም ለፎቶ ኮፒና ለሻይ በየወሩ ትንሽ እናዋጣለን። አንዳንዴ ስለ ክትባት ወይም ስለ ንጽህና አጭር ድራማ ሥሩልን ተብለን እንጠራለን፣ ያኔ አበል ቢጤ ትኖራለች። በ1990ዎቹ በትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ያለፍን ሰዎች ይህን መንገድ እናውቀዋለን። ያኔ ድራማው እንዴትም ይጀምር፣ መጨረሻው ምርመራ ነበር።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው፣ ልግባ እያለች ትነዘንዘኛለች። እኔ የማታው መንገድ ያሳስበኛል። አባቷ ደግሞ "አዝማሪ ልትሆን ነው" ይላል።

እርስዎ መጠየቅዎ ልክ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ቅዳሜ መጥተው ጥናቱን ይዩት፣ በሩ ክፍት ነው። 11 ሰዓት ላይ እንበተናለን፣ ከዚያ ካለፈ ወደዚህ የሚመጣ ታክሲ ማግኘት መከራ ነው፤ ሴቶቹ የሚሄዱትም ተሰብስበው ነው። 12ኛ ክፍል ከሆነች ትንሽ ሚና እንሰጣታለን፣ ፈተናው ይቀድማል። አንድ ነገር ግን ከእኔ ሳይሆን ከእርስዎ ትስማው፦ ማንም ይሁን ማን "ለብቻሽ ላስጠናሽ፣ ቤቴ ነይ" ካላት ያ ጥናት አይደለም። እኛ ጋም ቢሆን ሌላ ክበብም ቢሆን ዕለቱን ትንገርዎት።

ለአባቷ ምን ልበል። አዝማሪ ስድብ መሆኑ ራሱ ይገርመኛል። ሠርጋችንን ያሞቀልን ማን ሆነና? ለመጀመሪያው ትርኢት ከፊት ወንበር ይያዝላቸዋል።

58 ዓመቴ ነው፣ ሹፌር ነበርኩ። መሳቂያ አልሆንም?

ጋሼ፣ እስካሁን የት ነበሩ! እኛ ሽማግሌ አጥተን የ20 ዓመት ልጅ ላይ የጥጥ ጢም እየለጠፍን ነው የምንሠራው። አንዴ የተጣሉ ወንድማማቾች ሲታረቁ፣ ሰው ያለቅሳል ብለን የጠበቅንበት ቦታ ላይ፣ የሽማግሌው ጢም ግማሹ ተላቀቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ እርቁም በዚያው ቀረ። በእውነተኛ ሽበት ይምጡልን።

ያን ሁሉ ቃል እንዴት ነው የምታጠኑት?

እኔ መጀመሪያ ላይ የራሴን ቃለ ተውኔት ብቻ በቀይ አስምሬ ሸመደድኩት። ሚናዬ የቤት ሠራተኛ ነበር፣ ያለኝም ሁለት ዓረፍተ ነገር። መድረክ ላይ አንደኛውን አልኩ። ሁለተኛው ከየት ይምጣ! ጀበናውን ይዤ ቆምኩ። ጌታዬን የሚጫወተው ሰው አየኝና "ደግሞ እንግዳ መጥቷል ልትለኝ ነው አይደል?" አለኝ። "አዎ ጌታዬ" ብዬ ወጣሁ። ተመልካቹ አልነቃም።

ቃልህ የሚመጣው ሌላው ሰው ከሚናገረው ስለሆነ መጀመሪያ የእሱን የመጨረሻ ቃል ያዝ። ለዚህ ነው ቁጭ ብለን ደጋግመን የምናነበው፣ ሳምንታት የሚወስድበት ጊዜ አለ፣ አዲስ ልጆች ይሰለቻሉ። ከዚያ ተነስተን እንቅስቃሴ ስንጀምር ደግሞ ቃሉን ከቦታው ጋር አያይዘው፦ በሩ ጋ ይህን፣ ወንበሩ ጋ ያንን። ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ዓመት መንገድ በዚህ መልክ አይደል የያዙት? ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ወይ ልብስ እያጠባችሁ በሉት። እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ካልጠፋችሁ፣ መድረክ ላይም አይጠፋችሁም።

ንግግሬ የኦሮምኛ ቃና አለው። ይከለክለኛል?

ማን ይከለክልሃል? ሰፈራችንን እየው፣ ግማሹ ጎረቤት አማርኛውን በየራሱ ቃና ነው የሚናገረው፣ መድረክ ላይም ያው ቢሆን ደስ ይለኛል። የሚያሳስበን ድምፅህ ኋላ ወንበር መድረሱ ነው። የእኛ አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፣ ማይክ የለንም። ክረምት ላይ ዝናብ ሲወርድበት እንኳን ቃለ ተውኔት ነጎድጓድም አይሰማ፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ማጥናት እንጂ ማሳየት የለም። ድምፅ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ነው የሚወጣው፣ ከጉሮሮ የጮኸ በማግስቱ ይዘጋበታል።

ዓይን አፋር ነኝ።

መብራት፣ አልባሳት፣ ትኬት፣ በጨለማ ወንበር ማንሳት። ይህን የሚሠራ ሰው ሁሌም ያጥረናል። ወንበር ሲያነሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዛሬ መሪ ተዋናይ የሆነ ልጅ አለን።

ከዚህ ተነስቶ ብሔራዊ ቴአትር ወይ ቴሌቪዥን መድረስ ይቻላል?

ሊሆን ይችላል። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ኪነት ተነስተው ትልልቅ መድረክ የደረሱ አሉ። ቴአትርን መማር የሚፈልግም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሉ አለ። እኛን እንደ መወጣጫ ብቻ ካየኸን ግን ትናደዳለህ፣ እኛም እንናደድብሃለን።

ይልቅ ሂድና ቴአትር እይ። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ብሔራዊ ደግሞ 1948 ላይ ተከፈተ፣ አንበሳው ሐውልት ፊት ለፊት። ከመሄድህ በፊት ምን እንደሚታይና ሰዓቱን አጣራ። የማታውን ትርኢት ለከተማ ሰው ተውለት፣ አንተ የመመለሻ ታክሲ አስብ።

በጥናት ሰዓት ስልክ ይቻላል?

አይቻልም።

እሺ፣ መቼና የት ልምጣ?

ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ ወጣት ማዕከሉ። በር ላይ ጥበቃው የት ነው ሲልህ "ለቴአትር" በለው፣ ያስገባሃል። ብታረፍድም አዘጋጃችን አይቆጣም። መጥረጊያውን ነው የሚሰጥህ።