ከስምንት ወር በኋላ የተመለሰው ዲያቆን

ጥያቄ፦
መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ዲያቆን ነኝ፤ 23 ዓመቴ ነው። አምና ለሁለት ዓመት ወንጌል እንዳስተምር ወደ ደቡብ ቆላ ተላክሁ። የአገሩ ቋንቋ አልገባ አለኝ። ወባ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አላስጠመቅሁም። ማታ ማታ ወተት ይዘው እየመጡ ወንጌል አንብብልኝ ከሚሉኝ፣ አማርኛ ከሚያውቁ አንድ ሽማግሌ በቀር የሚሰማኝም አልነበረም። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ለማንም ሳልናገር ተሳፍሬ መጣሁ። አሁን ሰፈር ውስጥ መታየት አፍራለሁ። ዩታ፣ አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሞርሞን ስለሚባል ሃይማኖት ወጣቶች ነገረችኝ። በ18 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው፣ በራሳቸው ገንዘብ፣ ባዕድ አገር ሳይቀር ሄደው፣ ሃይማኖታቸውን እየሰበኩ ሁለት ዓመት ያገለግላሉ አለችኝ። እነሱ እንዲህ ከጸኑ እግዚአብሔር ከእነሱ ጋር ነው ማለት ነው? እኔስ ከመጀመሪያውም አልተላክሁም ይሆን?

መልስ፦
ልጄ፣ በሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር ነበር። ግን የሞርሞኖቹን ነገር ሳላነሳ ካለፍኩ ልብህ እዚያው ይቀራል።

እኔም አግኝቻቸዋለሁ። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር ያሉ ምእመናንን እንዳገለግል ተልኬ ሳለሁ ሁለት ልጆች በሬን አንኳኩ። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ። ሰሌዳው "ኤልደር" ይላል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። ጺም ያላበቀለ ሽማግሌ! የመንዝ ሽማግሌዎች ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ብርድ ነበርና አስገብቼ ሻይ አቀረብኩ። አንጠጣም አሉኝ። ሻይም ቡናም በሥርዓታቸው ክልክል ነው። ሙቅ ውሃ ጠጡ።

ስለ ትምህርታቸው ብዙ አልልህም። በምስጢረ ሥላሴ ከእኛ ጋር አይገናኙም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፈ ሞርሞንንም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይቀበላሉ። እነሱ ሊያስተምሩኝ ሞከሩ፣ እኔም መለስኩላቸው፤ ማንም ማንንም አላሳመነም። ከዚያ በኋላ ግን የሰው ወሬ ጀመርን።

የሚሄዱበትን አገር አይመርጡም። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ አንድ ዓመት ተኩል ያገለግላሉ። ወጪውን የሚችሉት ራሳቸውና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ። የሚዞሩት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ጓደኛቸውን የሚመድብላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ባይስማማቸውም ከአጠገቡ አይለዩም። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ያጥባሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ለቤት ይጽፋሉ። ያኔ ቤት መደወል የሚፈቀድላቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በየሳምንቱ እንዲደውሉ የተፈቀደው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ነው።

ታናሹን "እስካሁን ስንት ሰው አገኘህ?" አልኩት። ይኸው እኔም ሰው ሁሉ የሚጠይቃትን ያችኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። "አንድ" አለኝ። "እሱም ቀርቷል።" በር ሲዘጋበት ለምዶታል። ያልለመደው የእናቱን ድምፅ አለመስማት ነው። "ታዲያ ምን አተረፍክ?" ስለው ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ አየ። "መጀመሪያ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል መተኛት ያቅተኝ ነበር። አሁን ሲያመው የማስታምመው እኔ ነኝ" አለኝ።

እንግዲህ ስማኝ። ጽናታቸው የልባቸውን ነገር ይናገራል። የትምህርታቸውን እውነትነት ግን አይመሰክርም። አንኮበር ቅርብህ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1839 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ክራፕፍ የሚባል የ29 ዓመት ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እዚያ መጣ። ቋንቋ አጠና፣ ከወንጌል ክፍሎችም ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፣ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1842 ወጣ፤ ልመለስ ሲል ተከለከለ። እሱም ጽኑ ሰው ነበር። አባቶቻችን ግን ሃይማኖታቸውን በእንግዳው ብርታት አልመዘኑም። በሞርሞኖቹ ልጆች መቅናትህን አልነቅፍም፤ ደግ ቅናት ነው። ሚዛን ግን አታድርጋቸው።

አሁን ወደ አንተ። "ፍሬ ካላየሁ አልተላክሁም።" ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰማሁት! ግቢ ጉባኤ ጨርሰው ለአገልግሎት የወጡ ልጆች ይሉኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ይሉኛል። አንድ ቄስ እንኳ እንባ እየተናነቃቸው ብለውኛል። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ገና ከመኪና ሳይወርዱ "ስንት አስጠመቃችሁ?" የምንላቸው እኛ ነን፤ ስንት ኩንታል ገብስ ገባ እንደሚባለው።

ገብስ ካነሳሁ አይቀር፣ ከዘመዶችህ አንዱን ገበሬ ጠይቅ። ውርጭ በመታው ዓመት "ለካ እኔ ገበሬ አይደለሁም" ብሎ ሞፈሩን ሰቀለ? ቅዱስ ጳውሎስ "እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ፥ ነገር ግን እግዚአብሔር ያሳድግ ነበር" ይላል (1ቆሮ. 3፥6)። አንተ የሦስተኛውን ድርሻ ተሸክመህ ነው ወገብህ የጎበጠው።

ማርቆስን አስበው። ጳውሎስና በርናባስ ለስብከት ሲወጡ አብሯቸው ነበር። ጵንፍልያ ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ለምን እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም። ጵንፍልያ ግን አንተ እንደሄድክበት ቆላ ነው። በኋላ በርናባስ እንደገና እንውሰደው ሲል ጳውሎስ እምቢ አለ። ነገሩ ሁለቱን እስከ መለያየት አደረሳቸው። ዓመታት አለፉ። ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ግን "ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው" አለ (2ጢሞ. 4፥11)። እስክንድርያን ያስተማራት ማን ነው? ከመጀመሪያው ጳጳሳችን ከአባ ሰላማ ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳስ ሲሾምልን የኖረውስ ከማን መንበር ነው? ከጵንፍልያ ከተመለሰው ልጅ መንበር ነው።

የአገርህን ሰው፣ የቡልጋውን ጻድቅ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ታውቀዋለህና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። ዳሞት ድረስ ዘልቀው ካስተማሩ በኋላ ምን ሆኑ? ተማሪ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተቀመጡ።

ስለዚህ የተቆጣሁት በመመለስህ አይደለም። ሳትናገር በመምጣትህ ነው። በዚህስ አላባብልህም። የላኩህ አባቶች ታመመ ይሁን አውሬ በላው ሳያውቁ ስንት ቀን ተጨንቀው ይሆን? ደከመኝ ማለት ነውር አይደለም። ኤርምያስም "ከእንግዲህ በስሙ አልናገርም" ብሎ ነበር (ኤር. 20፥9)። ግን ያለው ለላከው ለራሱ ነው። ጎህ ሳይቀድ አልተሳፈረም።

ደግሞ እኒያ ሽማግሌ። በአንዲት መስመር አለፍካቸው፤ "በቀር" ብለህ። እኔ እዚያች መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ በሐሩር ውለው፣ ማታ ወተት ይዘው፣ ቃሉን ፍለጋ የሚመጡ ሰው። አንተ በሄድክበት ቀንም ማታ መምጣታቸው አይቀርም። በሩን ዝግ አገኙት።

በዚህ ሳምንት የንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ። ለላኩህ አባቶችም ጻፍ፤ ሰበብ አትደርድር። ትመለስ አትመለስ አብራችሁ ትወስናላችሁ። ወባው ካልለቀቀህ አትቸኩል። የሽማግሌውን ነገር ግን አታሳድር። ስልክ ባይኖራቸው በጎረቤት ስልክ ይገኛሉ። ደውልና ካቆማችሁበት ምዕራፍ አንብብላቸው።