ድምፃዊው ሲቀየር

ጥያቄ፦ የኖርዌዩን የብላክ ሜታል (ጩኸት የበዛበት፣ ጨለማ ድባብ ያለው ከባድ ሮክ) ባንድ ሜይሄምን ሳዳምጥ ድምፃዊው በየአልበሙ ሌላ ሰው ይመስለኛል። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጆሮዎ አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ይህ ባንድ፣ በ1988 የተቀላቀለው ስዊድናዊው ድምፃዊ ዴድ በ1991 ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ በ1994 ለወጣው አልበሙ ሀንጋሪያዊውን አቲላ ቺሃርን አስዘፈነ። ዴድ ስለታም ጩኸት ነበረው፤ አቲላ ግን ቃላቱን ያቃስታቸዋል፣ ይጎትታቸዋል፣ አንዳንዴም ከጉሮሮው ሥር እንደ ዜማ ያንጎራጉራቸዋል። ለእኔ የአልበሙ ድባብ ግማሹ የእሱ ነው። በመንዝ ሠርግ ሽለላ የሚያወርድ ሰው ድምፁን ሲያሻክር ሰምተው ከሆነ፣ ሻካራነት ሆን ተብሎ የሚሠራ ጥበብ መሆኑ አይጠፋዎትም። ቀጥሎ ማኒያክ የተባለ ድምፃዊ በሚሰነጥቅ ጩኸት ዘፈነ፤ በ2004 አቲላ ተመለሰ።