ዛፉንና ወፉን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ማስታወቂያው ሁሉ ግን የአምስት ዓመት ልምድ ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ "እሱ የወረቀት ሥራ ነው፣ ይቅርብሽ" ይሉኛል። ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሌላ ነገር ልሞክር?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ኮፒ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። የወረዳው ስም ብቻ ተቀይሮ የሚያልፍም አይጠፋም። ለአንቺ ዕድሉ ያለው ግን እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ፊልድ ወጥቶ "ይህ ዛፍ ምንድን ነው? ያቺ ወፍስ?" ሲባል አስረግጦ የሚመልስ ነው የጠፋው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገርሽ። ዘርፉን በሕግ ያቆመው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ፕሮጀክቱ ሳይጀመር በአካባቢው ላይ ምን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ይጠና ይላል። ጥናቱን የሚያስጠናው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው፤ ወጪውም የእሱ ነው። አማካሪ ድርጅት ይቀጥራል፤ ድርጅቱ ደግሞ የተለያዩ ባለሙያዎችን ያሰባስባል፤ የማኅበረሰብ፣ የውሃ፣ የሥነ ምህዳር። የመጨረሻዋ ቦታ ናት ያንቺ። ሪፖርቱን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም የክልሉ መሥሪያ ቤት ይመረምረዋል። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ከሆነ የባንኩ መስፈርትም ይጨመርበታል፤ እዚያ የብዝኃ ሕይወቱ ጥያቄ ጠንከር ይላል።

ለይቶ ማወቅ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? የሐበሻ ጥድንና የፈረንጅ ጥድን አስቢ። ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው አረንጓዴ ናቸው። አንዱ ግን የአገሩ ደን ቅሪት ነው፤ ሲቆረጥ በቀላሉ አይተካም። ሌላው ሰው የተከለው፣ ለእንጨት የሚለማ ነው ማለት ይቻላል። መንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ጎን ይዙር ወይስ አይዙር የሚለው ውሳኔ እዚህ ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ጊዜውም እንደዚያው ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች ከመስከረም ገደማ ጀምሮ ይገባሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ሐምሌ ላይ አንድ ረግረግ ላይ ወፍ ቆጥረሽ "ስደተኛ ወፍ የለም" ብትይ የጻፍሽው ውሸት ነው፤ ያየሽው እውነት ቢሆንም። በተቃራኒው የካቲት ላይ ብትወጪ ሣሩና ቅጠላ ቅጠሉ ደርቆ ይጠብቅሻል። ደንበኛው ግን "በአንድ ሳምንት ጨርሱልኝ" ነው የሚለው። ያኔ ቢያንስ በየትኛው ወር እንደተሠራና ምን ሊያመልጥ እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በላይ አስተማሪ ሆኖ የማገኘው የስምጥ ሸለቆዎቹ የአብጃታና የሻላ ሐይቆች ጉዳይ ነው። ፔሊካን የሚባሉት ዓሣ በል ወፎች ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉት ሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ነበር። ሻላ ውስጥ ግን ይህ ነው የሚባል ዓሣ የለም። ስለዚህ እየበረሩ የሚመገቡት አጠገቡ ካለው ከአብጃታ ነበር። አብጃታ ጥልቀት የለውም፤ መውጫም የለውም። ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ለመስኖ ተወሰደ። በዳርቻው የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ይስብ ነበር። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው ጠፋ፣ ወፉም ምግቡን አጣ። ሻላን ብቻ የሚያጠና ባለሙያ ጎጆውን አይቶ "ደህና ነው" ሊል ይችላል። እያንዳንዱን የመስኖ እርሻ ለብቻው የሚገመግምም "ትንሽ ውሃ ነው" ብሎ ያልፋል። ጥሩ የሥነ ምህዳር ሰው ግን እንስሳው የት ይዋለዳል፣ የት ይበላል ብሎ ከፕሮጀክቱ አጥር ውጭ ይሄዳል። ኢንተርቪው ላይ ይህን በራስሽ አነጋገር ማስረዳት ከቻልሽ ከብዙዎች ትቀድሚያለሽ።

አሁን ምን ታደርጊ? አንድ ምድብ ያዢ፤ ዕፅዋት ወይም ወፍ። ሁለቱንም ባንዴ አትጀምሪ። ዕፅዋት ከሆነ ናሙናውን በጋዜጣ መካከል አድርቀሽ አዲስ አበባ ስትመጪ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሀርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ የሚቀመጥበት) ሄደሽ አነጻጽሪ። ወፍ ከሆነ ያየሽውን ኢበርድ (eBird) በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዝግቢ፤ ነፃ ነው፣ ቀኑና ቦታው ተይዞ ስለሚቀመጥ ለሲቪሽም ማስረጃ ይሆናል። ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል፤ ቢያንስ ንጹሕ ካርታ ማውጣት ቻይ።

ቦታ ደግሞ አላጣሽም። የጎፍ ደን አጠገብሽ ነው። ቦርከና ወንዝም በደጅሽ ያልፋል። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ብቻሽን ሳትሆኚ፣ ከከተማው በላይና በታች ድንጋይ ገልብጠሽ ከሥሩ የሚኖሩትን ነፍሳት አወዳድሪ። ንጹሕ ውሃ የሚፈልጉት የት ላይ እንደሚጠፉ መዝግቢ። በየወቅቱ ደጋግመሽ ሠርተሽ አጭር ሪፖርት ጻፊበት። ማንም ባይጠይቅሽም ይህ ሪፖርት የሥራ ናሙናሽ ነው።

የአምስት ዓመቱ ነገር አያስደንግጥሽ። ማስታወቂያው የሚፈልገው ዋናውን ባለሙያ ነው። ረዳትና መረጃ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ በማስታወቂያ አይቀጠርም፤ በሰው በሰው ነው። ስለዚህ ለአማካሪ ድርጅቶች ያንን የሥራ ናሙናሽን ይዘሽ በቀጥታ ጻፊ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ሲቪሽን ለጨረታ ተጠቅመው ሥራውን ለሌላ የሚሰጡ አሉ። ሲቪ ስትሰጪ ለየትኛው ጨረታ እንደሆነ ጠይቂ። ሄደሽ ያላየሽው ቦታ ሪፖርት ላይ ደግሞ ስምሽ እንዲገባ አትፍቀጂ። "ጉዳት የለውም በይ" የሚልሽ ይመጣል፤ ከፋዩ የፕሮጀክቱ ባለቤት ነውና። የፊልድ ቅጽሽን፣ የጂፒኤስ ነጥቦችሽንና ፎቶሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ። ክርክር ሲነሳ የሚያድንሽ እሱ ነው።

ገቢውን በተመለከተ አላታልልሽም። ሥራው በፕሮጀክት ነው፤ ወራት ያለ ሥራ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ማስተማር ካገኘሽ ጎን ለጎን ያዢው፤ አያሳፍርም፣ ክረምቱም ነፃ ይሆንልሻል።

ማስተርሱ ይቆይ። መጀመሪያ ረዳት ሆነሽ አንድ ሁለት ጊዜ ፊልድ ውጪ። ከዚያ ወንዶ ገነት ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቺ ርዕስሽን ይዘሽ ነው የምትገቢው።